የሃያ ፓውንዱን ጣሪያ ያፈረሰው ጂሚ ሂል

ጂሚ ሂል በአውሮፓውያን አቆጣጠር ዲሴምበር 19 ቀን 2015 በ87 ዓመቱ ዐረፈ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።) ሰባት ዓመት ገደማ የአልዛይመር ታማሚ ነበር። ዜና ዕረፍቱ ሲሰማ አብዛኛው እንግሊዛዊ ያስታወሰው ረዥም አገጩንና በቢቢሲ ቅዳሜ ማታ ያቀርበው የነበረውን የእግር ኳስ ፕሮግራም ነው። ይህ ዝና ከሠራው ሁሉ ትልቁን ሥራ ሸፍኖበታል። ሂል ገና ተጫዋች ሳለ፣ ከ1957 እስከ 1961 በተጫዋቾች ማኅበር ሊቀመንበርነት የመራው ትግል፣ የተጫዋቾችን ደመወዝ ለስድሳ ዓመት አስሮ የያዘውን ደንብ አስሽሯል።

ደንቡ ሥራ ላይ የዋለው በ1901 ነው። ከዚያ ዓመት ጀምሮ በእንግሊዝ ሊግ ማንም ተጫዋች በሳምንት ከ4 ፓውንድ በላይ እንዳይከፈለው ተከለከለ። የደንቡ ደጋፊዎች ሀብታም ክለቦች ጎበዝ ጎበዙን ጠራርገው እንዳይወስዱ ነው ይሉ ነበር። 4 ፓውንድ በዘመኑ አንድ የእጅ ባለሙያ ከሚያገኘው ስለሚበልጥ ተራው ተጫዋች ብዙም አልከፋውም፤ የከፋቸው ተመልካች የሚጎርፍላቸው ኮከቦች ናቸው። ከእነሱ አንዱ የሆነው ዌልሳዊው የክንፍ ተጫዋች ቢሊ ሜሬዲዝ ከማንቸስተር ዩናይትድ ባልደረቦቹ ጋር በዲሴምበር 1907 በማንቸስተር ኢምፔሪያል ሆቴል የተጫዋቾችን ማኅበር መሠረተ። በ1909 የእንግሊዝ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ከማኅበሩ ያልወጣ አይጫወትም ብሎ ሲያስፈራራ ዩናይትዶች እምቢ አሉ። እምቢታው ማኅበሩን ከመፍረስ ቢያድነውም ጣሪያውን ግን አላነቃነቀውም።

ከጣሪያው የባሰ ሌላ ማሰሪያም ነበር። ተጫዋች ከክለቡ ጋር የሚዋዋለው ለአንድ ዓመት ብቻ ቢሆንም፣ ውሉ ሲያልቅ ነፃ አይወጣም። ክለቡ በየዓመቱ መጨረሻ የሚያስቀራቸውን ተጫዋቾች ዝርዝር ያወጣል፤ ስሙ እዚያ ውስጥ የገባ ሰው ክለቡ ካልፈቀደ በስተቀር በሊጉ ለማንም መጫወት አይችልም። አዲሱን ውል አልፈርምም ካለ ደመወዙ ይቆማል፣ ምዝገባው ግን በክለቡ እጅ ይቀራል። ሠራተኛ ማኅበራት በተጠናከሩበት አገር እንዲህ ያለ አሠራር እስከ ስድሳዎቹ መዝለቁ ያስገርማል።

ገንዘብ ጠፍቶም አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ስታዲየሞች ሞልተው ይፈስሱ ነበር፤ በ1948/49 የውድድር ዘመን ብቻ ከ41 ሚሊዮን በላይ ተመልካች ገብቷል። ጣሪያው ግን እያዘገመ ነበር የሚያድገው፤ በ1958 በውድድር ወራት 20 ፓውንድ፣ በበጋው ዕረፍት ደግሞ 17 ፓውንድ ላይ ደረሰ። በወጉ የማይከፈለው በጓሮ ይከፈል ስለነበር በ1957 የሰንደርላንድ ክለብ ለተጫዋቾቹ በድብቅ ሲከፍል ተደርሶበት ከባድ ቅጣት ተጣለበት። በዚያው ዓመት ጆን ቻርልስ ከሊድስ ወደ ጁቬንቱስ ሄደ። ጣሊያን ውስጥ የሚያገኘው ገንዘብ እንግሊዝ ለቀሩት ጓደኞቹ የማይታሰብ ነበር።

ሂል ወደ ማኅበሩ መሪነት የመጣው በዚህ ወቅት ነው። በ1928 በደቡብ ለንደኗ ባልሃም ተወለደ፤ በ1949 ለብሬንትፎርድ ፈረመ፤ በ1952 ወደ ፉልሃም ተዛወረ። ኮከብ የሚባል ተጫዋች አልነበረም። ብዙ የሚሮጥ፣ ብዙ የሚያወራ አጥቂ ነበር። ዶንካስተር ላይ በአንድ ጨዋታ አምስት ጎል ማስቆጠሩ ከሜዳ ትዝታዎቹ ሁሉ የሚደምቀው ነው። በ1957 ማኅበሩ ከነባሩ ሊቀመንበር ከጂሚ ጉትሪ ጋር ተቃቅሮ ሂልን መረጠ። የሂል ቀኝ እጅ ዋና ጸሐፊው ክሊፍ ሎይድ ሆነ። ሎይድ የቀድሞ ተጫዋች ሲሆን ስለ ውልና ደንብ ያለው ዕውቀት ጥልቅ ነበር። ሂል ፊት ለፊት ሲናገር፣ ሎይድ ከኋላ ሆኖ ወረቀቱን ያዘጋጃል።

ማኅበሩ ስሙን ለውጦ የባለሙያ እግር ኳስ ተጫዋቾች ማኅበር የተባለው በ1958 ነው። የሂል ሐሳብ ተጫዋቹ የቀን ሠራተኛ መስሎ መታየቱ ይቅር የሚል ነበር፤ ቲያትር ቤት የሚሞላ ተዋናይ የፈለገውን ያህል ሲከፈለው፣ ስታዲየም የሚሞላ ሰው ለምን በ20 ፓውንድ ይገደባል? ይህን በጋዜጣና በቴሌቪዥን ደጋግሞ ይናገር ነበር። ከእሱ በፊት የነበሩት መሪዎች ከክለብ ባለቤቶች ጋር በዝግ በር ተከራክረው ይሸነፉ ነበር፤ ሂል ክርክሩን ወደ ሕዝብ አወጣው። የማኅበሩ ድል መነሻ ይኸው ይመስላል።

በ1960 ማኅበሩ አራት ጥያቄ አቀረበ፦ ጣሪያው ይነሳ፣ ተጫዋችን የሚያስረው ምዝገባ ይሻሻል፣ ከዝውውር ሒሳብ ለተጫዋቹ ድርሻ ይሰጠው፣ የውሉ ቅጽ ይለወጥ። በዋና ጸሐፊው በአላን ሃርዳከር የሚመራው ሊግ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት እየጨመረ ሊያባብላቸው ሞከረ። ማኅበሩ በለንደን፣ በበርሚንግሃምና በማንቸስተር ስብሰባ ጠርቶ ስለ አድማ አስመከረ። በማንቸስተሩ ስብሰባ አንድ ወጣት ተጫዋች ተነስቶ፣ አባቱ ማዕድን ቆፋሪ እንደሆነና ከእሱ ያነሰ እንደሚያገኝ፣ ስለዚህ 20 ፓውንድ በቂ እንደሆነ ተናገረ። የቦልተኑ ተከላካይ ቶሚ ባንክስ መልስ ሰጠው። ባንክስ ራሱ ማዕድን የቆፈረ ሰው ነው። ሥራው ከባድ መሆኑን አልካደም፤ ነገር ግን የልጁ አባት በሠላሳ ሺህ ሰው ፊት ስታንሊ ማቲውስን መያዝ ይችል እንደሆነ ጠየቀው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ድምፅ ሲሰጥም አድማው በከፍተኛ ብልጫ ጸደቀ። በዚያ ስብሰባ የተደረጉትን ረዥም ንግግሮች የሚያስታውስ ጥቂት ነው፤ የባንክስን መልስ ግን የእንግሊዝ እግር ኳስ ታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ያነሱታል።

አድማው የተቆረጠለት ቀን ቅዳሜ ጃንዋሪ 21 ቀን 1961 ነበር። ቀኑ ሳይደርስ ሊጉ ጣሪያውን ለማንሳት ተስማማ፤ የምዝገባው ጉዳይ ግን አልተፈታም ነበርና ማኅበሩ አድማውን አላነሳም። የሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጆን ሄር አሸማግለው፣ ሦስት ቀን ሲቀረው ጃንዋሪ 18 ስምምነት ተደረሰና አድማው ቀረ። የስድሳ ዓመቱ ጣሪያ እንዲህ አበቃ።

የፉልሃም ሊቀመንበር ቶሚ ትሪንደር በሙያው ኮሜዲያን ነበር። ሕጉ ቢፈቅድልኝ ለአምበሌ ለጆኒ ሄይንስ 100 ፓውንድ እከፍለው ነበር ሲል ከርሟል። ሕጉ ፈቀደ፣ ትሪንደርም ቃሉን ከመጠበቅ ውጪ ምርጫ አልነበረውም፤ ሄይንስ በሳምንት 100 ፓውንድ የሚከፈለው የመጀመሪያው እንግሊዛዊ ተጫዋች ሆነ። ለዚህ ሁሉ የታገለው ሂል ግን ብዙም አልተጠቀመበትም፤ በዚያው ዓመት በጉልበት ጉዳት ጫማውን ሰቀለ።

ክለቦቹ በምዝገባው ጉዳይ የተስማሙትን አልፈጸሙም። ስለዚህ ማኅበሩ በፍርድ ቤት የተጀመረውን ክስ ገፋበት። ኒውካስል አልለቅህም ብሎት የነበረው ጆርጅ ኢስተም፣ ከእግር ኳስ ውጪ ሥራ ይዞ ቆይቶ በመጨረሻ በ1960 ወደ አርሰናል ቢዛወርም ክሱን አላቋረጠም፤ ወጪውን የሸፈነለት ማኅበሩ ነው። በ1963 ዳኛ ዊልበርፎርስ ተጫዋችን ያለ ፈቃዱ የሚያስቀረው ደንብ የሰውን የመሥራት መብት ከአግባብ በላይ ይገድባል ብለው ፈረዱ። ውሉ ያለቀ ተጫዋች ያለ ዝውውር ሒሳብ ለመሄድ ግን በአውሮፓ ፍርድ ቤት የ1995ቱን የቦስማን ውሳኔ መጠበቅ ነበረበት።

ሂል ከማኅበሩ ወጥቶ በኖቬምበር 1961 ኮቨንትሪ ሲቲን ተረከበ። ክለቡ ያን ጊዜ በሦስተኛ ዲቪዚዮን የሚንገዳገድ፣ ሊግ ውስጥ በሌለው ኪንግስ ሊን ከዋንጫ ውድድር የተሰናበተ ነበር። መለያውን ሰማያዊ አደረገ፣ ለደጋፊው መዝሙር አወጣለት፣ በ1964 ወደ ሁለተኛ፣ በ1967 ወደ አንደኛ ዲቪዚዮን አሳደገው። ከዚያ ለቴሌቪዥን ሲል ለቀቀ። በ1970ው የዓለም ዋንጫ በአይቲቪ ያዘጋጀው የተንታኞች ጠረጴዛ ዛሬ በየጣቢያው ለምናየው አቀራረብ መነሻ ነው። በ1972 በሃይበሪ አርሰናልና ሊቨርፑል ሲጫወቱ የመስመር ዳኛው ተጎድቶ ሲወጣ፣ የዳኝነት ፈቃድ የነበረው ሂል ከተመልካች መካከል ወርዶ ባንዲራውን ያዘ። ለአሸናፊ ሦስት ነጥብ ይሰጥ የሚለው ሐሳብም የእሱ ነው፤ የእንግሊዝ ሊግ በ1981 ተቀበለው፣ የዓለም ዋንጫ ደግሞ በ1994።

ጥላውም መነሳት አለበት። በ1977 በውድድር ዘመኑ የመጨረሻ ቀን ሦስት ክለቦች ላለመውረድ ሲታገሉ የኮቨንትሪና የብሪስቶል ሲቲ ጨዋታ ዘግይቶ ተጀመረ። ተፎካካሪያቸው ሰንደርላንድ መሸነፉን፣ ወደ ኮቨንትሪ በኃላፊነት ተመልሶ የነበረው ሂል በሰሌዳ እንዲታይ አስደረገ፤ 2 ለ 2 የነበሩት ሁለቱ ቡድኖች ኳሷን ዝም ብለው እየተቀባበሉ ጨረሱ፣ ሰንደርላንድ ወረደ። የሰንደርላንድ ደጋፊ እስከ ዛሬ ይቅር አላለውም። ከዚህ የከበደው የ1982ቱ ነው። ፊፋ ደቡብ አፍሪካን በአፓርታይድ ምክንያት ባባረረበት ዘመን፣ ሂል ወደዚያ የሚሄድ የተጫዋቾች ቡድን ካደራጁት አንዱ ነበር። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ያኔ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ፤ የደቡብ አፍሪካን መገለል አጥብቀው ካስከበሩት ግንባር ቀደም ሰዎች አንዱ። የጥቁሮቹ ክለቦች አንገጥምም ስላሉ ጉዞው ሳያልቅ ተቋረጠ። ለተጫዋች መብት የተሟገተ ሰው እዚያ ውስጥ መግባቱ ለወዳጆቹም የሚከብድ ነው።

በ1987 ፉልሃም ከጎረቤቱ ክዊንስ ፓርክ ሬንጀርስ ጋር ሊዋሃድ ሲል ገንዘብ አሰባሳቢዎችን መርቶ የቀድሞ ክለቡን አተረፈ። በ2011 በኮቨንትሪ ስታዲየም ሐውልቱ ሲቆም ከታመመ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር። ቤተሰቡ ሕመሙን ይፋ ያደረገው በ2013 ነው።

የመርሳት ሕመም በዚያ ትውልድ ተጫዋቾች ላይ በርትቷል። ከ1966ቱ የዓለም ዋንጫ አሸናፊዎች ሬይ ዊልሰን፣ ኖቢ ስታይልስ፣ ጃክና ቦቢ ቻርልተን በዚሁ ተይዘዋል። ሂል የመራው ማኅበር ከፌዴሬሽኑ ጋር ወጪውን የሸፈነው የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ጥናት በ2019 ሲወጣ፣ 7,676 የቀድሞ የስኮትላንድ ተጫዋቾችን መርምሮ በአንጎል መጃጀት ሕመሞች የመሞት ዕድላቸው ከሌላው ሰው ሦስት ተኩል ጊዜ እንደሚበልጥ አሳየ። በ2023 ማኅበሩና ፕሪምየር ሊግ በ1 ሚሊዮን ፓውንድ መነሻ፣ ለታመሙ የቀድሞ ተጫዋቾች እንክብካቤ የሚውል የጋራ ፈንድ አቋቋሙ።