እሳቱ የት ይረፍ

በራያ፣ በሮቢትና በጎብዬ አካባቢ፣ ዕድሜው ከስልሳ ያለፈ ገበሬ ሸሚዙን ሲያወልቅ፣ ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ሳንቲም የሚያካክሉ የጋለ ብረት ጠባሳዎች ይታያሉ። በጤና ጣቢያ ነርስነቴ ዘመን እነዚያን ጠባሳዎች እንደ ሕክምና ካርድ አነባቸው ነበር። ወገብ ላይ በጥንድ ከተደረደሩ የማሽላ አጨዳ ያጎበጠው ሰው ነው። ከዳሌ ጀምረው ወደ ጭን ከወረዱ እግር ድረስ የሚዘልቅ ውጋት ነበረበት። ሆድ ላይ በግራ በኩል ከሆኑ ደግሞ ቆላው በወባ ጣፊያውን አሳብጦበት ያውቃል ማለት ነው።

በልጅነቴ የማውቀው ባለ ብረት ሽማግሌ የሚተኩሰው ጫፉ በተሰበረ ማጭድ ነበር። ሕመምተኛውን በሆዱ ያስተኛና በአውራ ጣቱ አከርካሪውን ዳር ዳሩን እየተጫነ ይወርዳል። «እዚህ ነው ልጄ?» ይላል። «ትንሽ ዝቅ ይበሉ አባባ።» ሰውየው ትንፋሹ ቁርጥ ያለበት ቦታ ላይ ሲደርስ በከሰል ምልክት ያደርጋል። ብረቱን ከፍሙ እንዳወጣው አያሳርፈውም፤ ቅላቱ ደብዘዝ እስኪል ይጠብቃል። ከዚያ ነካ፣ ነሳ። ቁስሉን ለጋ ቅቤ ይቀባዋል። ዋጋ አይጠራም፤ የሰጡትን ይቀበላል። ያንን ሁሉ ጊዜ የሚወስድበት እሳቱ ሳይሆን የአውራ ጣቱ ጉዞ ነበር። ለዚህም ነው እስከ ዛሬ የማከብረው።

ልማዱ የራያ ብቻ አይደለም። ከዞብል ተራራ ማዶ ያሉት አፋሮች ግመሎቻቸውንም ይተኩሳሉ። በ10ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ የኮርዶባው ሐኪም አል ዛህራዊ በጻፈው 30 ክፍል ያለው የሕክምና መጽሐፍ፣ የቀዶ ሕክምናው ክፍል የሚጀምረው በመተኮስ ነው፤ የብረቶቹን ቅርጽ በሥዕል እያሳየ ከራስ እስከ እግር ይዘረዝራል፤ የወገብና የእግር ውጋትም አለበት። በሌላ በኩል ነቢዩ ሙሐመድ ማር፣ ዋገምትና እሳትን እንደ ፈውስ ጠቅሰው እሳቱን ግን ለተከታዮቻቸው እንዳልወደዱት የሚገልጽ ሐዲስ አለ። የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ሽማግሌዎች ዋገምቱን ሳይሞክሩ ወደ ብረቱ የማይሄዱት በዚሁ ምክንያት ነበር።

የተተኮሱት ይሻላቸው ነበር ወይ? አዎ፣ ለጥቂት ቀን። እ.ኤ.አ. በ1979 ፈረንሳዊው ዳንኤል ለ ባርና ባልደረቦቹ በአይጦች ላይ እንዳሳዩት፣ አንድ ቦታ ላይ የሚደርስ ብርቱ ሕመም ከሌላ የሰውነት ክፍል የሚመጣውን የሕመም መልእክት ያፍነዋል። የማጭዱ ጫፍ ግን የሚያቃጥለው ቆዳን ነው፤ የወገቡን ሕመም የሚያመላልሰው ነርቭ ከሥር፣ አጥንቱ አጠገብ፣ ሳይነካ ይቀራል። ቁስሉ መርዞ የመጣን ሰው አክሜያለሁ፤ መንጋጋ ቆልፍ የያዘውንም አይቻለሁ። ስለዚህ ዛሬ ሐኪሞች ነርቭን አቃጥለው ሕመም የሚያስታግሡበትን ዘዴ «አባቶቻችን ቀድመው አውቀውታል» የሚለውን ወሬ አልቀበልም።

ነርቩ ድረስ የሚወርደው እሳት የመጣው በኤሌክትሪክ ነው። ፈረንሳዊው ዳርሶንቫል እ.ኤ.አ. በ1891 በሰከንድ ከ10,000 ጊዜ በላይ የሚመላለስ ኤሌክትሪክ ጡንቻን እንደማያንዘፈዝፍ አሳየ። ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ኪርሽነር በ1931 ይህን ዓይነቱን ኤሌክትሪክ በመርፌ አድርጎ ፊትን የሚወጋውን ሕመም ለማስታገሥ የነርቩን ሥር አቃጠለ፤ ሙቀቱን ግን የሚለካበት አልነበረውም። በ1974 አሜሪካውያኑ ስዊትና ዌፕሲክ ሙቀቱን እየለኩ በ214 ሕመምተኞች ላይ የሠሩትን አሳተሙ። በዓመቱ ኖርማን ሺሊ መርፌውን ወደ ወገብ መገጣጠሚያዎች አወረደው።

እዚህ ላይ ነው የሚያስቀኝ ነገር የተፈጠረው። በ1979 አውስትራሊያዊው ኒኮላይ ቦግዱክና ባልደረባው ሎንግ አስከሬን እየከፈቱ ሲመረምሩ፣ ሺሊ መርፌውን በሚያሳርፍበት ቦታ የሚፈልገው ነርቭ የለም። ቀጭኗ ነርቭ ከእሱ ወዲያ፣ የአከርካሪው አጥንት ወደ ጎን የሚዘረጋበት ሥር ላይ ታልፋለች። ዘመናዊ መሣሪያ፣ የተማረ ሐኪም፣ የተለካ ሙቀት፣ ግን ቦታው ስቷል! የእኛ ሽማግሌም የሳተው ይህንኑ ነው፤ የሚያመው ቦታና ሕመሙን የሚያመላልሰው ነርቭ አንድ መስለውት ነበር።

ዛሬ ሐኪሙ አስቀድሞ በዚያች ነርቭ ላይ ሊዶኬይን የተባለውን ማደንዘዣ ይወጋል። ሕመሙ ለጊዜው ካልቀነሰ ማቃጠሉን ይተወዋል። ከቀነሰ በሌላ ቀን ጫፉ ብቻ የተገለጠ መርፌ በራጅ እየታየ ይገባል፤ ደካማ ኤሌክትሪክ ይለቀቅና እግሩ ከተንቀጠቀጠ መርፌው ይነሣል፤ የእግር ነርቭ ቅርብ ነውና። ካልተንቀጠቀጠ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ለ60 ወይም ለ90 ሰከንድ። ነርቩ መልሶ ስለሚያድግ ብዙውን ጊዜ እፎይታው ከስድስት ወር እስከ ዓመት ነው፤ ከዚያ ይደገማል።

ሊዶኬይን በእኛ መደርደሪያ ላይም አይጠፋም ነበር፤ ቁስል የምንሰፋበት ነው። መርፌው የት እንደደረሰ የሚያሳይ ራጅና እሱን እያየ እጁን የሚያዝ ሐኪም ግን አልነበረንም። ወገቤን ብሎ ለሚመጣ ገበሬ የምሰጠው ማስታገሻ ዳይክሎፌናክ ነበር፤ ሲብስ ወደ ወልድያ ሪፈር። አጨዳ ላይ ከሆነ ደግሞ ማሽላው ሳይሰበሰብ የትም እንደማይሄድ እሱም እኔም እናውቃለን።