የሁለቱ እስክንድርያ ግንቦች ዜና

ይህ የሁለቱ እስክንድርያ ግንቦች ዜና ነው፤ በባሕር ዳር ያለችው የፊተኛዪቱ፣ በወንዝ ዳር ያለችውም የኋለኛዪቱ። እኔ ጸሐፊው የምኖረው በቨርጂንያ ምድር፣ ስሟ «የእንጨት ድልድይ» ማለት በሆነው በውድብሪጅ ነው። ዓመቱን እንደ ፈረንጅ ቈጥሬዋለሁ፤ እንደ ሀገራችን የቈጠርሁትን ግን ዓ.ም. ብዬ ለይቼዋለሁ።

ከውድብሪጅ በጠዋቱ ባቡር የተሳፈረ ሰው ሎርተንን፣ ቀጥሎም ፍራንኮኒያ ስፕሪንግፊልድን አልፎ እስክንድርያ ይወርዳል። ከጣቢያው ወጥቶ ቀና ቢል በሹተር ኮረብታ ላይ እየጠበበ ወደ ላይ የሚወጣ የድንጋይ ግንብ ያያል። እኔም በመጣሁ ሰሞን ቤተ ክርስቲያን መስሎኝ አማትቤ አልፌአለሁ። የሀገራችን ሰዎች ይህችን ከተማ በሥራና በቤት ኪራይ ወሬ አሌክሳንድሪያ ይሏታል፤ በቅዳሴ የሚሰሟትን ግን እስክንድርያ ይላሉ፤ የሁለቱ ስም አንድ መሆኑን ልብ የሚለው ጥቂት ነው። ልጃቸውን ሊጠይቁ ከሀገር ቤት የመጡ አንዲት እናት ግን ልብ ብለው ኖሮ፣ በዚያው ጣቢያ ደጃፍ «ልጄ፣ የማርቆስ መንበር እዚህ ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። «አይ እማማ፣ ይቺ የትምባሆዋ ናት» አልኋቸው። ነገሩን ሳልፈታላቸው አውቶቡሳቸው መጣ። እነሆ አሁን እፈታዋለሁ።

የመቄዶንያ ንጉሥ እስክንድር ምስርን፣ ይኸውም ግብፅን፣ በያዘ በማግሥቱ ዓመት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ331፣ በታላቁ ባሕርና በማርዮጥ ሐይቅ መካከል ከተማ ይቀየስልኝ ብሎ አዘዘ። ቀያሹም ዲኖክራጥስ ነበረ። መስመሩን የሚያሰምሩበት ነጭ አፈር ቢያጡ የገብስ ዱቄት በተኑ፤ ወዲያው ወፎች ከሐይቁ ተነሥተው ዱቄቱን ለቅመው ጨረሱት። ንጉሡ ክፉ ምልክት ነው ብሎ ደነገጠ፤ ጠቢባኑ ግን ከተማዪቱ ብዙ ሕዝብ ትመግባለች ሲሉ ፈቱለት ይባላል። እስክንድር ከተማዪቱ ተሠርታ ሳያይ በ323 በባቢሎን ሞተ፤ ሬሳው መጥቶ በዚያችው ከተማ አረፈ። የእኛ ሊቃውንት በግእዙ ዜና እስክንድር ውስጥ በአንድ አምላክ የሚያምን ንጉሥ አድርገውታል፤ እርሱ ግን አረማዊ ነበረ።

ከእርሱም በኋላ የጦር አለቃው በጥሊሞስ በምስር ነገሠ። ይህ ንጉሥ ያስጀመረውን ግንብ ልጁ በጥሊሞስ ፊላደልፎስ ከልደት በፊት በ280 ገደማ አስፈጸመው። ፋሮስ በምትባል ደሴት ላይ ስለ ቆመ ስሙም ፋሮስ ሆነ። ደሴቲቱን ከከተማው ጋር ያገናኛት ሰባት ምዕራፍ የሚረዝም በድንጋይ የተሞላ መሻገሪያ ነበረ። የግብፅ ዳርቻ ዝቅ ያለ፣ ተራራም የሌለበት ነውና መርከበኛ ወደቡን የሚለይበት ምልክት አልነበረውም። ስለዚህ ከ100 ሜትር በላይ ከፍ አድርገው ሠሩት፤ ታችኛው ክፍሉ አራት ማዕዘን፣ መካከለኛው ስምንት ማዕዘን፣ ላይኛው ክብ ነበረ፤ በጫፉም ሌሊት እሳት ይነድ ነበር።

ስለዚህ ግንብ ሲነገር የኖረ አንድ ነገር አለ። ሥራውን የመራው የክኒዶስ ሰው ሶስጥራጦስ የራሱን ስም በድንጋዩ ላይ ከቀረጸ በኋላ በልስን ሸፈነው፤ በልስኑም ላይ የንጉሡን ስም ጻፈ። ዘመን አልፎ ልስኑ ሲረግፍ የንጉሡ ስም አብሮ ወደቀ፤ የግንበኛው ስም ወጣ። እውነት ይሁን ተረት፣ የግንበኛ ልብ እንዲህ እንደ ሆነ አምናለሁ። የእኛዎቹ የላሊበላ ጠራቢዎች ይህን እንኳ አላደረጉም፤ ስማቸውን የሚያውቅ የለም።

በዚያችው ደሴት ሰባ ሊቃናት ኦሪትን ከዕብራይስጥ ወደ ጽርዕ፣ ይኸውም ወደ ግሪክኛ፣ መለሱት ይባላል። የግእዙ ብሉይ ኪዳናችን የተቀዳው ከዚያ ከጽርዑ ነው። በአራተኛው መቶ ዓመትም የእስክንድርያው አትናቴዎስ ፍሬምናጦስን ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም ሰደደው፤ እኛም ከሣቴ ብርሃን አባ ሰላማ አልነው። ብርሃን ገላጭ የተባለው ሰው ሲሾም ያ ግንብ ገና በባሕሩ ላይ ያበራ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጳጳስ በሞተብን ቍጥር ነገሥታቱ ወርቅ አስጭነው ሌላ ጳጳስ ይላክልን ብለው ወደ ግብፅ መልእክተኛ ሲልኩ 1600 ዓመት ያህል ሆነ፤ የማርቆስ መንበር የሚባለው የፓትርያርኩ መንበር ወደ ካይሮ ከተዛወረ በኋላም የእስክንድርያ መባሉ አልቀረም። ይህም እስከ ሰኔ 21 ቀን 1951 ዓ.ም. ቆየ፤ በዚያ ቀን አቡነ ባስልዮስ የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ፓትርያርክ ሆኑ።

በፊተኛዪቱ እስክንድርያ ዛሬም ቆመው ከሚታዩት የጥንት ሥራዎች አንዱ ከአስዋን በመጣ ቀይ ድንጋይ የተጠረበው ታላቁ ዐምድ ነው። ሕዝቡ የጳምጲዮስ ዐምድ ይለዋል፤ ስሕተት ነው። የቆመው ለዲዮቅልጥያኖስ ክብር ነው፤ እርሱም ከነገሠበት፣ ከልደት በኋላ ከ284፣ ጀምሮ ዘመነ ሰማዕታት የሚቈጠርበት፣ ክርስቲያኖችን የፈጀው ቄሣር ነው። ሰማዕታቱን ለገደለው ቄሣር ዐምዱ ቀረለት፤ ለመርከበኞች ያበራው ግንብ ግን ወደቀ። በ956፣ በ1303ና በ1323 ምድር ተናወጠችና ፈረሰ። በ1477 ሡልጣን ቃይትባይ ከፍራሹ ድንጋይ በዚያው ስፍራ ምሽግ ሠራበት፤ ምሽጉ አሁንም አለ። በ1994ም ጠላቂዎች ከምሽጉ በታች ከባሕር ውስጥ ትላልቅ ጥርብ ድንጋዮችና ሐውልቶች አገኙ። በጥንት በዚያች ከተማ ለነበረውና ለጠፋው ቤተ መጻሕፍት መታሰቢያ የሆነው አዲስ ቤተ መጻሕፍት በ2002 ተከፈተ፤ የኖርዌዩ የአርክቴክቶች ድርጅት ስኖሄታ የነደፈው ሲሆን ጣራው ወደ ባሕሩ ያዘነበለ፣ ስፋቱ 160 ሜትር የሆነ ክብ ነው፤ ግድግዳውም በብዙ አገር ፊደል ተቀርጿል።

ወደ ኋለኛዪቱ እንመለስ። በ1669 ጆን አሌክሳንደር የሚባል ሰው በፖቶማክ ዳር ሰፊ መሬት በ6000 ፓውንድ ትምባሆ ገዛ። በ1749 በዚያ መሬት ላይ ከተማ ሲቈረቈር በቤተሰቡ ስም ተጠራ። እንግዲህ ስሟ ከመቄዶንያው ንጉሥ የመጣ አይደለም። ነገር ግን ስም ብርቱ ነው፤ የከተማዪቱ ሰዎች ቀስ በቀስ እንደ ግሪክ ይገነቡ ጀመር። በ1839 ሊሲየም የሚባለውን የትምህርት አዳራሽ፣ በ1850ዎቹ መጀመሪያም ባንክ የነበረውን፣ ዛሬ አቴኒየም የሚባለውን ቤት በዶሪክ ዐምዶች አስጊጠው ሠሩ። አዳራሹን በአርስጣጣሊስ ትምህርት ቤት ስም ከመሰየማቸው ጥቂት ቀደም ብሎ በዱክ ጎዳና ፍራንክሊንና አርምፊልድ የሚባሉ ነጋዴዎች ከ1828 እስከ 1836 ባሪያ ሲሸጡ ነበር። ቤታቸው ዛሬ ቤተ መዘክር ነው። ዐምዶቹን አይቶ ይህን ቤት ሳያይ የሚመለስ ጎብኚ ከተማዪቱን አላያትም እላለሁ።

በሹተር ኮረብታ ያለው ግንብ የቆመው ለጆርጅ ዋሽንግተን ነው፤ ያቆሙትም የፍሪሜሶን ማኅበርተኞች ናቸው፤ እርሱ በ1788 የእስክንድርያው ማኅበር አለቃ ነበርና። ማማተቤን ሳስብ ዛሬም እስቃለሁ። የማዕዘኑ ድንጋይ በ1923 ፕሬዚዳንት ኩሊጅ ባሉበት ተቀመጠ፤ በግንቦት 1932 ፕሬዚዳንት ሁቨር ባሉበት ተመረቀ። አርክቴክቱ ሃርቪ ዊሊ ኮርቤት ምሳሌውን የወሰደው ከፋሮስ ነው። የትምባሆ ባለ መሬት ለከተማዪቱ ያወረሳትን ስም እርሱ ለንጉሡ መለሰው። ቍመቱ 333 ጫማ፣ ይኸውም 101 ሜትር ያህል ነው። ግንቡ ወደ ላይ እየጠበበ ስለሚሄድ አሳንሰሮቹ ቀጥ ብለው አይወጡም፤ ወደ ውስጥ ጋደል ብለው ይወጣሉ። መርከብ የሚመራ እሳት ግን የለውም፤ በሥሩ የሚያልፈው ባቡር ነው።

የፊተኛውን ግንብ የጣለው የምድር መናወጥ ወደዚህም መጣ። በነሐሴ 23 ቀን 2011 በ5.8 መጠን ቨርጂንያን አናወጣት፤ በዋሽንግተን ያለው ታላቁ ሐውልት ተሰነጠቀ፤ ለሕዝብ ዳግም የተከፈተው በ2014 ነው። የኋለኛዪቱ እስክንድርያ ግንብ ከባቡር ጣቢያው በላይ እንደ ቆመ ነው።