ስለ አንዲት ነጭ ኪኒን

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ስለ ነገሥታት አይደለም የምጽፈው። ስለ አንዲት ነጭ ኪኒን ነው።

ባለፈው ወር አንድ የቀድሞ ተማሪዬን ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር አገኘሁት። የሚጥል በሽታ አለበት። ማታ ማታ አንድ ፌኖባርቢታል እየዋጠ ስድስት ዓመት ሳይጥለው ኖሯል፤ ከአባቱ ጋር በታንኳ ዓሣ ያጠምዳል። «ጋሼ፣ በቀደም ልሞት ነበር» አለኝ። የለመደው ባለ 100 ሚሊግራም ጠፍቶ ከአንድ መድኃኒት ቤት ባለ 30 ተሰጠው። ሁለቱም ነጭ ናቸው። «ይሄ ከበፊቱ ያነሰ ነው፤ ቆይ ሐኪምህን እንጠይቅ» ያለው ሰው የለም። እሱም እንደ ልማዱ አንዷን እየዋጠ ሰነበተ። በሳምንቱ ታንኳው ላይ ጣለው። አባቱ በሸሚዙ ይዘው ባያስቀሩት ኖሮ ዛሬ ለቅሶ ደርሼ ነበር የምጽፈው።

ቤት ገብቼ ነገሩን ከታሪክ በኩል አገላበጥኩት። የመምህርነት አመል አይለቅም።

ፌኖባርቢታል የቆየ መድኃኒት ነው። ባየር በ1912 (እ.ኤ.አ.) ሉሚናል ብሎ ለገበያ አወጣው። በዚያው ዓመት አልፍሬድ ሃውፕትማን የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ለሕመምተኞቹ ማስተኛ ብሎ ሲሰጣቸው፣ የሚጥል በሽታ ያለባቸው መውደቃቸው እንደቀነሰ አስተዋለ። ርካሽ በመሆኑ እኛ አገር እስከ ዛሬ በብዛት የሚታዘዘው እሱ ነው።

ወደኛ ስንመጣ፣ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ዞረው ያጠኑትን በ1990 (እ.ኤ.አ.) አሳተሙ። ከ1000 ሰው 5.2 ያህሉ በሽታው እንዳለበት ታየ። ከተገኙት 316 ሰዎች ተገቢውን መድኃኒት ያገኙት 1.6 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያኔ ጥያቄው «መድኃኒቱ መቼ ይደርሳል?» የሚል ነበር። ለተማሪዬ መድኃኒቱ ደርሶለታል። ያልደረሰው ማስጠንቀቂያው ነው።

ዓለምም ይህን የተማረው በአደጋ ነው። በ1968 (እ.ኤ.አ.) አውስትራሊያ፣ ብሪስቤን ውስጥ ፌኒቶይን የሚወስዱ ሰዎች ማዞርና መንገዳገድ ጀመራቸው። የታዘዘላቸው መጠን ያው ነበር። ለካ አምራቹ የእንክብሉን መሙያ ከካልሲየም ሰልፌት ወደ ላክቶስ ለውጦት ኖሯል፤ በዚህ ሰበብ መድኃኒቱ ከልክ በላይ ወደ ደም ገባ። መሙያው እንኳ ይህን ካደረገ፣ ከ100 ወደ 30 መውረድ ምን እንደሚያደርግ አስቡት።

ቆይቶ ሕግና መመሪያ መጣ። በአሜሪካ የሃዋይ ግዛት ሐኪሙና ታካሚው ሳይፈቅዱ ፋርማሲስቱ የሚጥል በሽታን መድኃኒት በሌላ መተካት አይችልም። እንግሊዝ በ2013 (እ.ኤ.አ.) መድኃኒቶቹን በሦስት ምድብ ከፈለቻቸው፤ ፌኖባርቢታል አምራቹ እንኳ እንዳይለዋወጥ ጥንቃቄ ከሚደረግበት አንደኛው ምድብ ውስጥ ነው።

የኛስ? ሕግ የለንም አይባልም። አዋጅ ቁጥር 176/1991 መጣ፣ ቀጥሎ 661/2002፣ ከዚያ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011። ደንብ ቁጥር 299/2006 ደግሞ ታካሚ ተነግሮት፣ ገብቶት ነው መታከም ያለበት ይላል። መርሁ ደግ ነው። እኔ የምመኘው አንድ መስመር እንዲጨመርበት ነው፦ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ዓይነቱ፣ መጠኑ ወይም አምራቹ ሲቀየር ለታካሚው በሚገባው ቋንቋ ይነገረው፣ ማሸጊያው ላይም ይጻፍለት።

ጉዳቱ በመውደቅ አያበቃም። የልጁ እናት «ድሮም ኪኒን አይሆነውም ብዬ ነበር» ብለው መድኃኒቱን ሊያስጥሉት ነው። እሳቸው ላይ አልፈርድም፤ የሚያውቁት ልጃቸው እየዋጠ መውደቁን ብቻ ነው። ጸበሉንም ይጠመቅ፣ ኪኒኑንም አይተው ብዬ ለምኛቸዋለሁ።

ከተማሪዎቼ ፋርማሲ የምትሠሩ ብዙ ናችሁ። ወረፋው ረጅም እንደሆነ አውቃለሁ። ግን «ይሄ ከበፊቱ የተለየ ነው» ለማለት ስንት ሰከንድ ይፈጃል? መድኃኒቱን የምትወስዱ ደግሞ የቀድሞውን ማሸጊያ አትጣሉት፤ ይዛችሁ ሂዱና አስተያዩ። ልዩነት ካያችሁ ሐኪም ሳትጠይቁ አትጀምሩ፣ በራሳችሁም አታቋርጡ።

ልጁ አሁን ባዶዋን ማሸጊያ ኪሱ ይዞ ነው የሚዞረው። አባቱ ግን እስካሁን ታንኳ ላይ አላስወጡትም።