«ሀ» የመሰለው ፊደል

ጠጋ በሉ፤ ጫጫታው በዝቷል። ዛሬ ተረት ተረት ብዬ አልጀምርም፣ ወሬው የሠፈራችን ነው። ከፒያሳ ቁልቁል ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ወርዳችሁ ታውቃላችሁ አይደል? በዚያ በኩል የአርመኖች ቅዱስ ጊዮርጊስ አለ። ፊደል በቆጠርን ሰሞን በደጁ ስናልፍ በአርመንኛ የተጻፈውን እናነብ ነበር። እናነብ ነበር ስል እንታገል ነበር ማለቴ ነው። አንዱ ፊደል ቁርጥ የእኛ «ሀ»! ፈንጠር ብሎ ደግሞ «በ»፣ እግሮቹን ተክሎ የቆመ። «ሀ... በ...» ብለን ጀምረን ሦስተኛው ላይ እንሰናከላለን።

አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ አርመን ከኋላችን ደርሰው ሳቁብን። «እሱ ሀ አይደለም፤ ‹ሴ› ነው። ያም በ አይደለም፤ ‹ቮ› ነው» አሉን፤ እንከን በሌለው የአራዳ አማርኛ። እኛም ፊደሉን ትተን በሰውዬው ተከራከርን። «ፈረንጅ ናቸው» አለ አንዱ። «የት የሚያውቁት ፈረንጅ አገር! የፒያሳ ሰው ናቸው» አለ ሌላው። ክርክሩን እናቶቻችን ለራት ጠርተው አቋረጡት። እኔ እስከ ዛሬ አልጨረስኩትም፤ አሁንም ከእናንተ ጋር ልቀጥለው ነው።

አርመኖች እዚህ አገር የገቡት ከአዲስ አበባም በፊት ነው። በምኒልክ ጊዜ ከተማዋ ስትቆም በየሙያው ነበሩ፤ ወርቅ አንጥረኛው፣ ልብስ ሰፊው፣ ጫማ ሠሪው፣ አናጢው። ሰርኪስ ተርዚያን በእንፋሎት የሚሄድ መንገድ መዳመጫ አምጥቶ ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ብሎ ስም አወጣለት። ቦያጅያኖች ከአባት እስከ ልጅ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺዎች ሆኑ። ዛሬ መጽሐፍ ላይ የምታዩት የድሮ ንጉሥና መኳንንት ስንቱ በእነሱ ካሜራ ፊት እንደቆመ!

እኔን ግን ከሁሉ የሚገርመኝ የአርባዎቹ ልጆች ነገር ነው። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኮንን ወደ አውሮፓ ሲጓዙ ኢየሩሳሌምን ተሳለሙ። በአርመኖቹ ገዳም ልጆች መለከትና ጡሩንባ ይዘው ሲነፉ ሰሟቸው። ልጆቹ በቱርክ ከደረሰው እልቂት የተረፉ፣ እናት አባት የሌላቸው ናቸው። ራስ ተፈሪ ከፓትርያርኩ ጋር ተስማምተው አርባዎቹን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። የገቡት በዚያው ዓመት ጳጉሜ ላይ ነው፤ ለአዲስ ዓመት የደረሱ አደይ አበባዎች በሏቸው። «አርባ ልጆች» የሚለው ስም በዚያው ጸና፤ አርመኖቹ ራሳቸው ዛሬም በአማርኛ ነው የሚጠሯቸው።

ከልጆቹ ጋር መምህራቸው መጣ፤ ኬቮርክ ናልባንዲያን። ኬቮርክ ማለት በእኛ ጊዮርጊስ ነው፤ የአራዳው ታቦት ሞክሼ መሆኑ ነው። ይህ ሰው በ1918 ዓ.ም. የአገሪቱን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ፤ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ተፈሪ ንጉሠ ነገሥት ሆነው ዘውድ ሲጭኑ የተመታው ያ ዜማ ነው። ከዚያም በጣሊያን ዘመን ከመቋረጡ በቀር ዘውዱ እስኪወርድ ድረስ ስንት ትውልድ በየትምህርት ቤቱ ባንዲራ ሥር ቆሞ ዘመረው!

እንግዲህ አስቡት። ለአንድ አገር መዝሙር የሠራላት ሰው የማን ዜጋ ነበር? የኦቶማን መንግሥት ፈርሷል፤ የተወለደባት አይንታብ ለአርመን የማትመለስባት አገር ሆናለች። በዓለም ላይ እንዲህ ያሉ አገር አልባዎች ስለበዙ ናንሰን የሚባል ኖርዌጃዊ መታወቂያ ወረቀት አበጀላቸው፤ መጀመሪያ ለሩሲያ ስደተኞች፣ ቀጥሎ ለአርመኖች። ለአርመኖች የተፈቀደው አርባዎቹ አዲስ አበባ በገቡበት በዚያው ዓመት ነው።

እዚህ ከነበሩት አርመኖች አንዳንዱ በፈረንሳይ ወይም በሌላ ሌጋሲዮን ጥላ ሥር ገብቶ ነበር። ጠብ ሲነሳ ቆንስሉ ይደርስለታል። ጥላ የሌለው ግን የንጉሡን ፊት አይቶ ያድራል።

ከዘውዱ በዓል ሦስት ወር ከምናምን ቀደም ብሎ፣ ሐምሌ 15 ቀን 1922 ዓ.ም.፣ የዜግነት ሕግ ወጣ። ነገሩን ቁርጥ አደረገው፦ ኢትዮጵያዊ ማለት፣ እዚህም ይወለድ እዚያ፣ አባቱ ወይም እናቱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ነው። አያችሁ? አፈሩ አይቆጠርም። እትብቱ ፒያሳ የተቀበረ የአርመን ልጅ በእትብቱ ብቻ ኢትዮጵያዊ አይሆንም፤ ማመልከት አለበት። አመልካቹ ለአካለ መጠን የደረሰ፣ 5 ዓመት አገር ውስጥ የኖረ፣ ሠርቶ የሚያድር፣ በወንጀል ያልተቀጣ ይሁን ይላል። አማርኛም አሳምሮ ይወቅ፤ ይናገር፣ ይጻፍ።

እዚህች ላይ ትንሽ ልቁም። በ1922 ዓ.ም. ከአገሬው ውስጥ ማንበብና መጻፍ የሚችለው ስንቱ ነበር? ካህኑ፣ ደብተራው፣ ጸሐፊው፣ ጥቂት የትምህርት ቤት ልጅ። ባላገሩ ሳይጽፍ ኢትዮጵያዊ ነው፤ መጤው ሳይጽፍ አይሆንም። ክፋት አለበት ማለቴ አይደለም። ግን ባለቤቱ ያልተጠየቀውን እንግዳው ሲጠየቅ ማየት ፈገግ ያሰኛል።

እስቲ ያን ጊዜ የነበረ አንድ አርመን አንጥረኛ ይታያችሁ። ቀን ወርቅ በሚዛን ሲመዝን ይውላል፤ ደንበኛው «ሙሴ፣ ይቺን ቀለበት አጥብብልኝ» ሲለው በአማርኛ ተከራክሮ ዋጋ ይቆርጣል፤ ምላሱ ፈተና የለበትም። ማታ ግን መዝጊያውን ቀርቅሮ፣ ፋኖስ አብርቶ የፊደል ገበታውን ይዘረጋል። የራሱ ፊደል 38 ነው፣ አለቀ። የእኛ 33ቱ በሰባት ቤት ሲገቡ 231! ሀሁ ሂሃ... ያቺ የመጀመሪያዋ ደግሞ ታስቸግረዋለች፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ «ሴ» ብሎ ያወቃትን መልክ ዛሬ «ሀ» በል ተብሏል። እኛ በደጃቸው የተሰናከልንባት ፊደል እሱንም በደጃችን አሰናከለችው። ሰው ሥራ ሲጀምር «ሀ ብሎ ጀመረ» እንላለን፤ ያ ሰው እውነትም ሀ ብሎ ነው የጀመረው።

ሕጉ በ1926 ዓ.ም. ተሻሽሎ፣ ለአገር ይጠቅማል የተባለ ሰው ከእነዚያ መስፈርቶች አንዳንዶቹን ሳያሟላም ዜግነት እንዲሰጠው በር ተከፈተ። ሙያ ያለው ሰው ወረፋ መጠበቅ ቀረለት ማለት ነው።

«ዜጋ» የሚለው ቃል ራሱ የዋዛ እንዳይመስላችሁ። ዛሬ አፋችንን ሞልተን የምንጠራው ይህ ቃል በጎንደር ዘመን የጎጃም የመሬት ሰነዶች ውስጥ የጌታን ርስት የሚያርስ ጥገኛ ሰው ስም ነበር። ያኔ ቢሆን «ዜጋ አድርጉኝ» ብሎ ማን ያመለክታል!

የዜግነቱን ወረቀት ግን አርመኑ ሁሉ አልፈለገውም። ሠፈሩ ያውቀዋል፣ ዕድሩ ያውቀዋል፣ ወረቀት ምን ሊሠራለት? ነገሩ የመጣው በቤት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ የንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ካልፈቀደለት በቀር የውጭ ዜጋ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት አይሆንም አለ። አባቱ የሠራው ቤት ውስጥ የተወለደ ሰው በዚያው ቤት የውጭ ዜጋ መሆኑ ያን ጊዜ ይቆረቁረው ጀመር። አንዳንዱ ቶሎ አመለከተ፤ አንዳንዱ «ይደርሳል» እያለ ዋለ አደረ።

ከዚያ አብዮት መጣ። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ወረቀቱን የያዘውም ያልያዘውም እኩል ተወረሰ! ለአንድ ቤተሰብ አንድ ቤት፣ የቀረው ለኪራይ ቤቶችና ለቀበሌ። አርመኖቹ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ካናዳ፣ ወደ አውስትራሊያ ሄዱ። በደህናው ጊዜ ከሺህ በላይ የነበሩት ዛሬ መቶ አይሞሉም።

አሁን ያለው ሕግ በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 378 ነው። አምስቱ ዓመት አራት ሆነ፤ አማርኛ ብቻ የሚለውም ቀርቶ ከብሔር ብሔረሰቦች ቋንቋ በአንዱ መግባባት ይበቃል። አመልካቹ የድሮ ዜግነቱን መልቀቁን ወይም መልቀቅ መቻሉን ያሳያል፣ አገር አልባ ከሆነም ያንኑ ያስረዳል፤ ቃለ መሐላም ይፈጽማል። ደም ግን ዛሬም ደም ነው፤ ፒያሳ መወለድ ብቻውን አይበቃም። ሌላም አንቀጽ አለ፦ በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊ የኢትዮጵያን እንደተወ ይቆጠራል።

ይቺ አንቀጽ ናት እኔ ቤት የገባችው። የእህቴ ልጅ የአሜሪካ ዲቪ ደርሶት ከሄደ ሰነበተ፤ የሞላበትን ፎቶ የተነሳው እዚሁ ፒያሳ ነው። ቨርጂንያ ታክሲ ይነዳል። ግሪን ካርድ ይዞ 5 ዓመት ሲሞላው ለዜግነት አመለከተ። ስልክ ሲደውል ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ ጥያቄ ሲያጠና እሰማዋለሁ፦ ስንት ሴናተር፣ ስንት ዳኛ፣ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ማን። «ጋሼ፣ ጥያቄውስ ይሁን፣ ጽሕፈቱ ነው የሚያስፈራኝ» ይለኛል፤ ተፈታኙ በእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ያነባል፣ ይጽፋል። አምስት ዓመት፣ መኖር፣ ማንበብ፣ መጻፍ... የአንጥረኛውን ፋኖስ አስታወሰኝ። ልነግረው ፈለግሁና ተውኩት፤ መንገደኛ ተሳፍሮበት ነበር።

ባለፈው ደወለ፤ አልፏል፣ ምሏል። እህቴ ጎረቤት ጠርታ ቡና አፈላች። እልልታው ሲበርድ አንዱ አዋቂ ነኝ ባይ፣ «እንግዲህ ሲመጣ ቪዛ ያወጣል፤ ወይም የትውልደ ኢትዮጵያዊውን ቢጫ ካርድ ያወጣና ያለ ቪዛ ይገባል፤ መምረጥ ግን አይችልም» ብሎ አብራራ። እውነቱን ነው፣ ሕጉ እንደዚያ ይላል። እህቴ ጀበናውን ከፍ እንዳደረገች ቆመች።

«ወደ ቤቱ ለመግባት ነው?» አለች።