አንድ ድምፅ ለብዙ መስመር፦ የዲጂታል ድምፅ አከፋፋይ ማጉያ ታሪክና አተካከል



በዛሬው ምሽት የምናገረው ስሙ እምብዛም ስለማይነሣ መሣሪያ ነው። የድምፅ ቴክኖሎጂ ታሪክ ሲጻፍ ማይክሮፎኑም፣ ማሰራጫውም፣ የሸክላ ማጫወቻውም የየራሳቸውን ምዕራፍ ያገኛሉ። በጣቢያ የመሣሪያ ክፍል ውስጥ፣ እኛ ባለሙያዎች «ራክ» በምንለው የብረት መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ፣ አንድን ድምፅ ተቀብሎ ለስድስት ወይም ለስምንት ተቀባዮች የሚያድለው ቀጭን ሣጥን ግን የሚያስታውሰው የለም። ይህ ሣጥን አከፋፋይ ማጉያ ይባላል።

ታሪኩን እንድመረምር ያነሣሣኝ የራሴ ጥፋት ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር። ከብዙ ዓመታት በፊት በአንድ የሬዲዮ ጣቢያ ወጣት ቴክኒሻን ነበርሁ። የስቱዲዮው ዲጂታል ድምፅ በአንድ ኬብል፣ ጥቂት ሜትር ብቻ ርቆ ወደሚገኘው የሥርጭት መስመር ይገባ ነበር። አንድ ቀን በዕድሜ የገፉ የበገና ደርዳሪ ለቃለ መጠይቅ መጡ። አለቃዬ «የእኚህ አባት ቃል ለቤተ መዛግብትም ይቀረጽ» ብለው አዘዙኝ። እኔም የኬብሉን ጫፍ ፈትቼ፣ ከዕቃ ክፍል ያገኘሁትን የቆየ የማይክሮፎን ኬብል በጎን በየድኩበትና 60 ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው መቅረጫ ሳብሁት። በአሮጌዎቹ መሣሪያዎች ላይ ይህን ብዙ ጊዜ አድርጌዋለሁ፤ አንድም ቀን አሳፍሮኝ አያውቅም።

ሥርጭቱ ጥርት ብሎ ተሰማ። አዛውንቱ ሁለት ሰዓት ያህል አወጉ፤ ደረደሩ። በማግስቱ ቅጂውን ስንከፍት ግን ድምፁ በየቅጽበቱ ይቆራረጣል፤ ይንኳኳል፤ አንዳንድ ቦታ ፈጽሞ ዝም ይላል። ዳግመኛ ልንጋብዛቸው ቀጠሮ ያዝን። ቀጠሮው ሳይደርስ አረፉ።

በዚያ ሰሞን ያስጨነቀኝ ጥያቄ ይህ ነበር፦ ለዓመታት ያለ ችግር ይሠራ የነበረው ዘዴ ያን ቀን ለምን ከዳኝ? መልሱን ያገኘሁት ወደ ስልክ ዘመን ተመልሼ ነው።

የስልክ ድምፅ በሽቦ ሲጓዝ እየደከመ ይሄዳል። በመንገድ ላይ የሚያጐላው ነገር እስካልተገኘ ድረስ ሩቅ ከተሞችን ማገናኘት አልተቻለም ነበር። ሊ ዲ ፎረስት እ.ኤ.አ. በ1906 የፈለሰፈውና በኋላ በስልክ መሐንዲሶች የተሻሻለው የቫኩም ቱቦ ይህን ችግር ፈታ። እ.ኤ.አ. ጥር 25 ቀን 1915 አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ከኒው ዮርክ ሆኖ ሳን ፍራንሲስኮ ከነበረው ከቀድሞ ረዳቱ ከቶማስ ዋትሰን ጋር በስልክ ተነጋገረ። ድምፁን አሜሪካን አሻግሮ ያደረሰው በየመንገዱ የተተከለው ማጉያ ነበር።

ማጉያዎች ሲበዙ የሚደረደሩበት ሥርዓት ግድ ሆነ። ዛሬ በየመሣሪያ ክፍሉ የምናየው 19 ኢንች ወርድ ያለው ራክ የዚያ የስልክ ቤት ቅርስ ነው። ከፍታው የሚለካበት አንድ «ዩ» 44.45 ሚሊ ሜትር ነው። ከማን እንደተገዛ ሳይጠየቅ ማንኛውም መሣሪያ በማንኛውም ራክ ላይ በብሎን የሚታሰረው በዚህ ልክ ስለተስማሙ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ድምፁን ማራቅ ሳይሆን ማካፈል ነበር። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1926 ኤንቢሲ የተባለው የአሜሪካ የሬዲዮ ድርጅት ሥራ ሲጀምር አንድ ዝግጅት በስልክ መስመሮች አማካይነት በበርካታ ከተሞች ላሉ ጣቢያዎች በአንድ ጊዜ ተዳረሰ። በዚያ ዘመን ሥርዓት ላኪውና ተቀባዩ ኃይል ለመለዋወጥ እኩል ተመዛዝነው የተሠሩ ነበሩ። አንዱን መስመር ለሁለት የቀነጠበ ሰው የሁለቱንም ድርሻ ያሳንሳል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ተቀባይ የራሱን በር የሚሰጥ ማጉያ አስፈለገ። አከፋፋይ ማጉያ የተወለደው ከዚህ ችግር ነው።

እየቆየ ግን አሠራሩ ላላ። የመሣሪያዎች መውጫ አነስተኛ፣ መግቢያቸው ደግሞ እጅግ ከፍተኛ ተቃውሞ እንዲኖረው ተደርጎ መሠራት ጀመረ። በዚህ ጊዜ አንድ መውጫ ሦስትና አራት ተቀባዮችን ያለ ጉልህ ጉዳት ይመግብ ጀመር። ቴክኒሻኖችም በጎን መበየድን ለመዱ። እኔ የወረስሁት ይህን ልማድ ነበር።

በማጉያው ላይ ያልተፈታ ሌላ ችግርም ነበረ። ማጉያ ድምፁን ሲያጐላ አብሮት የመጣውን ሹክሹክታና መዛባትም ያጐላል። ሃሮልድ ብላክ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2 ቀን 1927 በሃድሰን ወንዝ ጀልባ ላይ ሳለ፣ ማጉያ ከውጤቱ ከፊሉን ወደ መግቢያው መልሶ ራሱን እንዲያርም የሚያደርገውን ዘዴ በእጁ በነበረ ጋዜጣ ላይ ነደፈ። ይህ መዛባትን እጅግ ቀነሰ። በመንገድ የተጠራቀመውን ሁካታ ግን አላስወገደም። ለዚህ መፍትሔ ያመጣው እንግሊዛዊው አሌክ ሪቭስ ነው። ሪቭስ እ.ኤ.አ. በ1937 ፓሪስ ውስጥ ሲሠራ፣ ድምፅን በየቅጽበቱ ለክቶ ልኩን በቁጥር፣ ቁጥሩንም «አለ» ወይም «የለም» በሚሉ የኤሌክትሪክ ምቶች መላክ እንደሚቻል አሰበ።

የሐሳቡን ጥልቀት ለማስረዳት የአገራችንን ቁም ጸሐፊ ልጥራ። አንድ ሰው አሮጌ ብራና ሲገለብጥ ያየውን ቅርጽ ሁሉ እንዳለ ቢስል ፊደሉንም፣ የቀለሙን ጠብታም፣ የውኃ እድፉንም አብሮ ይገለብጣል። የጥንቱ ማጉያ እንዲህ ነበር። ቁም ጸሐፊው ግን ፊደሉን አንብቦ በራሱ ብርዕና በራሱ ቀለም እንደ አዲስ ይጽፈዋል፤ እድፉ በአሮጌው ብራና ላይ ይቀራል። የዲጂታል አከፋፋይም እንዲሁ ነው። የደከመውን ምት አንብቦ አዲስ ምት ያወጣል። ሆኖም እድፉ በዝቶ «ሀ» የነበረው «ሁ» ሆኖ ከተነበበ፣ ስሕተቱም በአማረ ቀለም ይጻፋል። ከመሣሪያው በፊት የጠፋውን መሣሪያው አይመልሰውም።

የሪቭስ ሐሳብ በዘመኑ ቱቦዎች ለመሥራት እጅግ ውድ ስለነበር ለብዙ ጊዜ ጠበቀ። እ.ኤ.አ. በ1972 ቢቢሲ 13 የድምፅ መስመሮችን በአንድ የዲጂታል ሥርዓት ወደ ማሰራጫዎቹ መላክ ጀመረ። ከዚያም ዲጂታል መሣሪያ ወደ ስቱዲዮ ሲገባ፣ የተለያዩ አምራቾች ዕቃዎች የሚነጋገሩበት የጋራ ቋንቋ ግድ ሆነ። የድምፅ ምህንድስና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1985 ኤኢኤስ 3 የተባለውን መለኪያ አወጣ፤ የአውሮፓ የብሮድካስት ኅብረትም ተቀበለው። ስለዚህ ብዙዎቻችን «ኤኢኤስ/ኢቢዩ» እንለዋለን።

ለጥያቄዬ ዋናውን መልስ ያገኘሁት በዚህ መለኪያ ታሪክ ውስጥ ነው። የ1985ቱ ጽሑፍ 110 ኦም የሆነ ኬብል እንዲኖር እያዘዘ፣ የተቀባዩ መግቢያ 250 ኦም እንዲሆን ወሰነ፤ በአንድ መስመርም እስከ አራት ተቀባዮች እንዲያያዙ ፈቀደ። የጎን ብየዳው ልማድ በመለኪያው ውስጥም መኖሪያ አገኘ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የታረመው መለኪያ ፈቃዱን አነሣ። ተቀባዩም እንደ ኬብሉ 110 ኦም ሆነ፤ አንድ ላኪ በአንድ መስመር ለአንድ ተቀባይ ብቻ እንዲልክ ተደነገገ። የመለኪያው ጸሐፊዎች ከልማዱ ለመላቀቅ ሰባት ዓመት ፈጀባቸው። እኔ ግን ከእርማቱ በኋላም በአሮጌው ልማድ እሠራ ነበር።

ምክንያቱን በቁጥር እንየው። በሴኮንድ 48,000 ጊዜ በሚለካ ድምፅ ለእያንዳንዱ ልኬት 64 ቢት ይላካል፤ ይህም በሴኮንድ 3,072,000 ቢት ነው። በመስመሩ ላይ የሚታየው አጭሩ ምት 163 ናኖ ሴኮንድ ያህል ብቻ ይቆያል። ምቱ በኬብል ውስጥ አንድ ሜትር ለመሄድ 5 ናኖ ሴኮንድ ገደማ ስለሚፈጅበት፣ 60 ሜትር ለመጨረስ 300 ናኖ ሴኮንድ ያህል ያስፈልገዋል። ኬብሉና ተቀባዩ ልካቸው ካልተጣጣመ የምቱ ከፊል እንደ ገደል ማሚቶ ተመልሶ በኋላ በሚመጡት ምቶች ላይ ይወድቃል። እኔ ሁለት ባለ 110 ኦም ተቀባዮችን በጎን ሳያይዝ ለላኪው 55 ኦም አሸከምሁት፤ ምቱም ደከመ። የማይክሮፎን ኬብሉ ልክ ደግሞ ከ110 ኦም የራቀ ነበር። ቅርብ ያለው የሥርጭት ተቀባይ ይህን ቻለው። ሩቁ መቅረጫ ግን የሚያነበው ፊደል ጠፋበት። አናሎግ ቢሆን ኖሮ ድምፁ ትንሽ ዝቅ ይል ነበር እንጂ አይቆራረጥም ነበር።

ስለዚህ አከፋፋዩ የሚተከልበትን ሥርዓት ለተማሪዎቼ እንደሚከተለው አስተምራለሁ። አስቀድማችሁ ምንጩንና ተቀባዮቹን በወረቀት ላይ ቁጠሩ፤ ለነገም ሁለት ትርፍ መውጫ ተዉ። መሣሪያው በራኩ ላይ ኬብሎች በሚያጥሩበት ቦታ፣ ብርቱ ሙቀት ከሚተፉ ዕቃዎች ራቅ ብሎ ይታሰር። ከምንጩ ወደ መግቢያው የሚሄደው 110 ኦም የተባለው የዲጂታል ኬብል ይሁን። ምንጩ 75 ኦም በሆነው ክብ ኬብል የሚመጣ ከሆነ በመካከል የሚያጣጥም ትራንስፎርመር ይግባ። መግቢያው ምልክቱን ወደ ሌላ መሣሪያ የሚያሳልፍ ዓይነት ከሆነ፣ የመዝጊያው 110 ኦም የሚበራው በመጨረሻው መሣሪያ ላይ ብቻ ነው። ከዚያ ከእያንዳንዱ መውጫ አንድ ኬብል ወደ አንድ ተቀባይ ይሂድ። መውጫዎቹ የየራሳቸው ላኪ ስላላቸው በአንዱ ኬብል ላይ የደረሰ ብልሽት ሌሎቹን አያጠፋም።

ሁሉም በአንድ ሣጥን በኩል ስለሚያልፉ ግን ሣጥኑ ከጠፋ ሁሉም ይጠፋሉ። ሁለት የኃይል መስጫ ያለውን ምረጡ፤ ሁለቱንም በተለያየ የኤሌክትሪክ መስመር ላይ ሰኩ። የጣቢያው መሣሪያዎች በሙሉ በአንድ የጋራ ሰዓት መመራታቸውንም አረጋግጡ፤ አከፋፋዩ የምቶቹን መንቀጥቀጥ ሊያስተካክል ይችላል እንጂ ሰዓታቸው የተለያየ ዕቃዎችን አያስታርቅም። የመግቢያው መብራት መብራቱ መልካም ምልክት ነው፤ ሆኖም የሚነግራችሁ ስለ መግቢያው ብቻ ነው። ሥራው ማለቁ የሚታወቀው ወደ እያንዳንዱ ተቀባይ ሄዳችሁ በጆሯችሁ ስትሰሙ ነው። በመጨረሻም የኬብሉን ሁለት ጫፍ ሰይሙ፤ የሠራችሁትንም በመዝገብ ጻፉ፤ ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ሰው ሌላ ማስረጃ የለውም።

ዛሬ ድምፅ በኮምፒውተር ኔትወርክ መጓዝ ጀምሯል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ኤኢኤስ 67 የተለያዩ አምራቾች የኔትወርክ መሣሪያዎች እንዲግባቡ መንገድ ከፍቷል፤ አንዱን ድምፅ አባዝቶ የሚያድለውም የኔትወርኩ ስዊች ሆኗል። ሣጥኑ አንድ ቀን ከራኩ ይወርድ ይሆናል። ነገር ግን በስልኩ ዘመንና በ1985 የነበረው ፈተና አብሮን ይሻገራል፤ አዲሱን መሣሪያ በአሮጌው መሣሪያ ልማድ እንይዘዋለን፤ ስሕተታችንም ብዙ ጊዜ የሚታየው ማንም በማያዳምጠው ጫፍ ላይ ነው። ያን ቀን እኔና አለቃዬ ሥርጭቱን እንጂ መቅረጫውን አላዳመጥንም።

ከዚያ በኋላ በዚያው ጣቢያ አከፋፋይ ማጉያ በእጄ ተከልሁ። በመጀመሪያው መውጫ ላይ «ቤተ መዛግብት» የሚል ወረቀት ለጠፍሁ፤ ሥርጭቱን በሁለተኛው ላይ አደረግሁ። ሥርጭት የተበላሸበት ጣቢያ በአድማጮቹ ስልክ ወዲያው ያውቃል። ስለ ተበላሸ ቅጂ ግን የሚደውል የለም። የእኚያን አባት ቅጂ እስከ ዛሬ አኑሬዋለሁ፤ አዲስ ተማሪዎች ሲመጡ ከትምህርቱ አስቀድሜ አንድ ደቂቃ አሰማቸዋለሁ።