ፈቃድ

በግዕዝ «ፈቀደ» ማለት ወደደ፣ ፈለገ ማለት ነው። ፈቃድ ጥንት መሻት እንጂ ወረቀት አልነበረም፤ ዛሬም «ፈቃደ ሥጋ» ስንል የምናነሣው ይህንኑ ነው። አማርኛ ግን ቃሉን ከፈላጊው ወስዶ ለሰጪው አዞረው፦ የዓመት ፈቃድ፣ መንጃ ፈቃድ፣ ንግድ ፈቃድ።

ለንደን ላይ ምግብ ቤት የከፈተ ወገናችን ቢራና ወይን ለመሸጥ የሚያወጣውንም «ፈቃድ» እንለዋለን። እዚህ ላይ ቃሉ ትንሽ ያስቸግራል። በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣው የእንግሊዝና የዌልስ ሕግ ሥልጣኑን ለአካባቢ ምክር ቤት ሰጥቷል። አመልካቹ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ማስታወቂያ በሩ አጠገብ ለ28 ቀናት ይለጥፋል። የሚቃወም ጎረቤት ወንጀልን፣ የሕዝብን ደኅንነት፣ ረብሻን ወይም በሕፃናት ላይ የሚደርስ ጉዳትን መጥቀስ አለበት፤ «ሰፈራችን ሌላ መጠጥ ቤት አያስፈልገውም» ብቻ ቢል አይሰማም። ተገቢ ተቃውሞ ካልቀረበና ማመልከቻው የተሟላ ከሆነ ምክር ቤቱ አልሰጥም ማለት አይችልም።

ታዲያ የማን ፈቃድ ነው? ምክር ቤቱ ወደደም ጠላም ይሰጣል። መሻቱ የባለ ምግብ ቤቱ ነው፤ ስለዚህ ለዚህ ወረቀት የሚስማማው የግዕዙ ትርጉም ይመስለኛል።

ቁማር ቤት ሲሆን ደግሞ አንድ ፈቃድ አይበቃም፦ የአጫዋቹን ድርጅት የሚፈቅደው አገር አቀፉ የቁማር ኮሚሽን ነው፤ የቤቱን ግን ያው ምክር ቤቱ ነው።