ዳግም ምት፦ «ሪስትራይክ» በአማርኛ

ከአያት ሣጥን በሚወጣ ጠገራ ብር ላይ የሚነበበው ዓመት ሁልጊዜ አንድ ነው፤ 1780። ባለቤቱም «ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የቆየ» ብሎ ዋጋ ይጠራበታል። በላዩ መልኳ ያለው የኦስትሪያ ገዢ የነበረችው ንግሥት ማርያ ትሬዛ ያረፈችው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1780 ነው። ቪየና ግን የንግሥቲቱን መልክ በብር ላይ መምታቷን አልተወችም፤ ዛሬም ትመታለች፣ ዓመቱንም አልነካችውም። የሳንቲም ሰብሳቢዎች እንዲህ ያለውን «ሪስትራይክ» ይሉታል። በአማርኛ «ዳግም ምት» ቢባል ያስኬዳል። «ዳግም ሕትመት» ሐሳቡን ወደ ወረቀት ይወስደዋል፤ ሳንቲም ግን በሁለት የብረት ማኅተሞች መካከል ገብቶ፣ በኃይል ተመትቶ ነው መልክ የሚያወጣው።

እንግዲህ ዳግም ምት ማለት በላዩ ከተጻፈው ዓመት በኋላ፣ በጥንቱ ማኅተም ወይም በእሱ አምሳል በተቀረጸ ሌላ ማኅተም፣ የመምታት ሥልጣን ባለው ወገን የተሠራ ሳንቲም ነው። ፎርጅድ አይደለም። ጠገራው መቼም ይመታ መች ክብደቱ 28 ግራም ከጥቂት ነጥብ፣ ንጥረቱም ከ1,000 እጅ 833 ነው።

ዓመቱ ለምን አልተቀየረም? ገበያው እንቢ ስላለ ነው። በቀይ ባሕር ግራና ቀኝ የነበረ ነጋዴ ዓይኑ የለመደውን እንጂ ሌላውን አይቀበልም ነበር። የንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን ጌጥ የከበቡትን ዘጠኝ ዕንቁዎች ይቆጥራል፣ ጠርዙን ይዳብሳል፣ ድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፁን ይሰማል። ለእኔ የዛሬዎቹ የሳንቲም መርማሪ ድርጅቶች ቀደምቶች እነዚህ ናቸው። ጄኔራል ናፒየር ወደ መቅደላ ሲዘምት የእንግሊዝ መንግሥት ለጦሩ ስንቅና ለጭነት ከብት መክፈያ ብሎ ቪየና ላይ ጠገራ አስመታ። ከማኅተም ገና የወጣ ብር ከ80 ዓመት በላይ ወደ ኋላ ተጽፎበት ዙላ ወረደ ማለት ነው። በኋላም ዐፄ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. ባለ አንበሳውን ብር ፓሪስ ሲያስመቱ ክብደቱን ከጠገራው ጋር አስተካከሉት፤ ሕዝቡ ግን ለሴትዮዋ ማድላቱን አልተወም።

ትርጉሙን የሚፈትነው እ.ኤ.አ. 1935 ነው። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ሊወር ሲዘጋጅ ማኅተሞቹን ከኦስትሪያ ተረክቦ ጠገራውን ሮም ውስጥ ማስመታት ጀመረ። በዓመቱ ለንደን ማንንም ሳታስፈቅድ የራሷን ማኅተም ቀርጻ ገባች፤ ፓሪስ፣ ብራስልስና ቦምቤይም እንዲሁ መቱ። «ሥልጣን ባለው ወገን» ያልነው ነገር እዚህ ላይ ላላ ይላል። የሳንቲም መዝገቦች ሁሉንም በዳግም ምት ይይዟቸዋል። እኔም እቀበላለሁ፤ ከብሩም ከሚዛኑም የቀነሱት የለምና።

ታዲያ የእጃችን ጠገራ የቱ ነው? ከምስሉ ሥር ያለው «ኤስ ኤፍ» የሚለው ምልክት አያስረዳም። የጉንዝቡርግ ከተማ ሳንቲም መምቻ ሁለት ሹማምንት፣ የሾብልና የፋቢ የስም መጀመሪያ ቢሆንም፣ ኋላ የተመቱትም ሁሉ ይዘውታል። የሚለየው የትከሻው ጌጥ አሠራር፣ የባለሁለት ራሱ ንስር የጅራት ላባ አደራደርና የጠርዙ ጌጥ ነው። ጠርዙ ላይ በላቲን «ፍትሕና ምሕረት» የሚሉ ጎላ ያሉ ፊደሎች አሉ። ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ሐሰተኛ ጠገራ ብዙ ጊዜ የሚጋለጠው እዚያ ነው፦ ፊደሉ ይደበዝዛል፣ ወይም ዙሪያውን የመገጣጠሚያ መስመር ይታያል። እንደ ልብ የሚገኘው ዳግም ምት ዋጋው ከብሩ ብዙም አይርቅም፤ በንግሥቲቱ ዘመን ማብቂያ የተመታው ወይም በቁጥር ጥቂት የሆነው ግን ሌላ ነው። የሳንቲም መርማሪ ድርጅቶች የሚጠቀሙበት ባለ 70 ነጥብ የደረጃ መለኪያ የሚናገረው ስለ መልኩ አያያዝ እንጂ ስለ ዕድሜው አይደለም፤ ስለዚህ የትናንት ምት ከጥንቱ የበለጠ ነጥብ ሊያገኝ ይችላል። በሎሚና በአመድ የታሸ፣ ለአንገት ጌጥ የተበሳ ደግሞ ቁጥር ሳይሰጠው ይመለሳል።

የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሳንቲሞችም ከዚህ ጋር ይምታታሉ። ፲፱፻፴፮ (1936 ዓ.ም.) የሚል ዓመት እንደያዙ ፊላደልፊያና ለንደን ውስጥ ለአሠርት ዓመታት ተመትተዋል። ንጉሡ በዙፋናቸው ሳሉ፣ ለዕለት ግብይት በተከታታይ የወጡ ስለሆኑ ሰብሳቢዎች ዳግም ምት አይሏቸውም፤ «የቆመ ዓመት» የሚል ሌላ ስም አላቸው። ገዢ ሆይ፣ ሻጩ «የ1936 ምት ነው» ብሎ ዋጋ ከጨመረብህ ከዓመቱ ሌላ ማስረጃ ጠይቀው።